መኪናዋ እስክትጠግብ

የትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋጋ በወረደበት ዓመት፣ ሊዉጆ ከተማ ውስጥ ባለመኪና ያልሆነ ሰው የቀረ አይመስልም ነበር። አትክልት ሻጯም፣ ፀጉር ሠሪዋም፣ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህርም ባለ ሁለት በሯን መኪና እየነዱ ብቅ አሉ። የመኖሪያ ሕንፃዎቹ ግቢ በሮዝ፣ በአረንጓዴና የእንቁላል አስኳል በሚመስል ቢጫ ተሞልቶ፣ ልጆች መጫወቻቸውን በትነው የሄዱበት ምንጣፍ መሰለ።

ሜንግ ቹልያንም አንዷን ቢጫ ገዛች። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። ከተራራ መንደሯ ወደ ከተማ የመጣችው የልጅ ልጇ ዩቶንግ በተወለደች ሰሞን፣ ሕፃኗን ልትይዝ ነው። «እስክትድህ ብቻ» ተብላ መጣች፤ ቀጥሎ «እስክትራመድ»፣ ቀጥሎ «ትምህርት ቤት እስክትገባ» ሲባል ዓመታቱ ነጎዱ። መንደር የቀረው ባሏ በመሀል ታሞ ሞተ፤ ሄዳ ቀብራው ተመለሰች። አሁን ዩቶንግ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች። ቅዳሜ ትመጣለች፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትውላለች፣ እሑድ ትሄዳለች። ልጇ ዳዌይና ምራቷ ሊ ጂንግ ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ይገባሉ። ክፉዎች አይደሉም። ምራቷ «እማማ፣ ምሳ በልተዋል?» ሳትል ጫማዋን አታወልቅም። ከዚያ ጥያቄ ወዲያ ግን ወሬ የለም።

ዳዌይ እናቱ መኪና ልትገዛ መሆኗን ሲሰማ ሳቀ። «እማ፣ ገበያው እኮ እግርሽ ሥር ነው! መኪና ምን ያደርግልሻል?»

«ዝናብ ያስጠልለኛል።»

«ታዲያ ጃንጥላ አይሻልሽም?»

«ጃንጥላ በር የለውም» አለችውና ወጡን ማማሰል ቀጠለች።

መንደር ሳለች የእርሻ ትራክተር በእጀታ እየገፋች ስለነዳች መሪው አላስፈራትም። ያስቸገራት ወደ ኋላ እየሄዱ ማቆሙ ነው። አስተማሪዋ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ያሾፍባት ነበር፤ «እትዬ ቹልያን፣ ምነው መሪውን እንዲህ አነቅሽው? አይሸሽም እኮ!» ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው መንጃ ፈቃዱን አገኘች።

መኪናዋን ካገኘች በኋላ የሚኬድበት ቦታ ጠፋ። ገበያ ደርሳ ትመለስና ግቢው ውስጥ አቁማ ሳትወርድ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። እዚህ ግን መስተዋቱን ዘግታ በልጅነት ቋንቋዋ በዧንግኛ ለብቻዋ ታወራለች። የሣር ስም ትጠራለች፣ የሞተ ባሏን ትነዘንዛለች። አንድ ቀን የግቢው ጥበቃ መስተዋቱን አንኳኳ።

«እማማ፣ ደህና ነዎት? መኪናው አልነሣ አለ?»

«እሱ ተነሥቷል። ያልተነሣሁት እኔ ነኝ» አለችው።

ሚያዝያ ገባና መቃብር የሚጸዳበት በዓል ደረሰ። ዳዌይ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ አላገኘም። «የዘንድሮው ይለፈን እማ፤ ለከርሞ ሁላችንም እንሄዳለን» አላት። ዓምናም ይህንኑ ብሏል። ቹልያን አልተከራከረችም። በማግሥቱ ለምራቷ «መንደር ሄጄ አድሬ እመጣለሁ» ብላ፣ ዕጣንና ለሙታን የሚቃጠል የወረቀት ገንዘብ ጭና ገና ሰው ሳይንቀሳቀስ ወጣች።

በትልቁ አውራ ጎዳና የጭነት መኪኖቹ ስለሚያስደነግጧት አሮጌውን የተራራ መንገድ ያዘች። ሻጩ «አንዴ ከሞሉት መንደርዎ ያደርስዎታል» ብሏት ነበር። ዝናብ ግን አልነገራትም፤ አቀበትም አልነገራትም። ጉም መስተዋቱን ሲሸፍነው ማሞቂያውን ከፈተች፤ መጥረጊያውም አላረፈም። ከመሪው ፊት ያለው የባትሪ ቁጥር እያየችው ሟሟ። ቁጥሩ ቀይ ሲሆን ቻርጅ ማድረጊያ ያለበት ከተማ ከኋላዋ ርቆ ቀርቷል። ቁልቁለቱን እግሯን ከፔዳሉ አንሥታ ተንሸራተተችና ጥቂት ቤቶች ያሉባት መንደር ደረሰች። በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ጭስ የሚታየው ከአንዱ ቤት ብቻ ነበር።

ውሻ ጮኸ። ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፤ በዧንግኛ ነበር።

«ማነሽ? መድኃኒት ሻጭ ከሆንሽ አልገዛም! የባለፈውም አላሻለኝ!»

ቹልያን ቋንቋውን ከሰው አፍ ከሰማች ቆይታለች። ለመመለስ አፏን ስትከፍት ቃሉ ቶሎ አልመጣላትም።

«ሻጭ አይደለሁም፤ መንገደኛ ነኝ። መኪናዬ ደክማብኝ፣ ትንሽ መብራት ቢያውሱኝ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ወጣች። አጭር፣ ጠንካራ፣ እጇ በጭቃ የተለወሰ፣ በዕድሜ ከቹልያን ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። ላን ትባላለች። መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻት።

«ይቺን ነው መኪና የምትዪው? የኔ አሳማ ጋጣ ይበልጣታል። ደግሞ መብራት ትበላለች?»

«እንደ ስልክ ነው የምትሞላው። እከፍልዎታለሁ።»

«ደጄ ላይ ሱቅ የሚል ጽፌያለሁ? አንቱታውንም ተዪው፣ አታስረጂኝ።»

ቤቱ ውስጥ ደህና ሶኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የቴሌቪዥኑ ነው። ላን ነቀለችውና «ዛሬ አንተ ጹም» አለችው። ገመዱን በመስኮት አሳልፈው ሰኩት።

«መቼ ትጠግባለች?»

«በቤት መብራት ከሆነ… ወደ ማታ ነው።»

«ወይ ሆዳም!» አለች ላን። ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ አልነበረም።

ዝናቡ አላባራም። ላን ከጫካ ያመጣችውን የቀርከሃ ቡቃያ ከምራ ስለነበር ቹልያን ሳትጠየቅ ቢላ አንሥታ አጠገቧ ተቀመጠችና መላጥ ጀመረች። የሚያኮመጥጡበትን ውኃ ሲያዘጋጁ ተጣሉ። ላን ሩዝ የታጠበበት ውኃ ይጨመርበት አለች፤ ቹልያን ከንጹሕ የምንጭ ውኃ በቀር ምንም አይነካውም አለች።

«የእናንተ ሸለቆ ሰው ጎምዛዛ ነገር መች ያውቅና!»

«የእናንተ ደግሞ ሽታውን እንጂ ጣዕሙን አያውቅም።»

ላን እስኪያስላት ሳቀች። ቹልያንም ሳቀች፤ ሳቋን ራሷ ሰምታ ገረማት። ጠፍተዋል ያለቻቸው ቃላት አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። ለጉም ዓይነቶች፣ ለዳክዬ ጫጩት፣ ላኮረፈ ባል የሚባሉ ቃላት። ዩቶንግ ከነዚህ አንዱንም አታውቅም። ዳዌይ ቢያውቅም ሰው ፊት ያፍርበታል።

«ልጆች የሉሽም?» አለቻት።

«ሁለት አሉኝ፤ ለሥራ ጓንግዶንግ ሄደዋል። ለአዲስ ዓመት ይመጣሉ። ስልካቸውን ሞልተው ይሄዳሉ» አለች ላን፤ ቀጥላም «ያንቺስ?»

«ከልጄ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው።»

ላን ቀና ብላ አየቻትና ሌላ ቡቃያ አቀበለቻት።

ሊመሽ ሲል ቹልያን መኪናዋን ለማየት ወጣች። ስትሞላ የምትበራው ትንሽ መብራት ጠፍታለች፤ ባትሪው ግማሽ እንኳ አልሞላም። መብራት ሄዶ ይሆናል ብላ ስትዞር የወጥ ቤቱ አምፖል ይታያታል። ገመዱን ተከትላ በመስኮቱ አጮለቀች። መሰኪያው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑም አልተሰካም። ላን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምንም የሌለበትን የድስቱን ጥግ እየፋቀች ታማስል ነበር።

ቹልያን ገብታ እሳቱ ዳር ተቀመጠች።

«ጠገበች?» አለች ላን ሳትዞር።

«ገና ናት።»

«ይኸው! እንግዲህ እደሪያ። በዚህ ዝናብ ገደሉ ሰው አይመርጥም።»

«ካልሽማ አድራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ላን ማማሰሏን ቀስ አደረገች። ዳክዬ በዝንጅብል በሉ፣ ቤት የተጠመቀ የሩዝ መጠጥም ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። ቹልያን ለዓመታት ተኝታ የማታውቀውን እንቅልፍ ተኛች። ጠዋት መሰኪያው ቦታው ተመልሷል፤ መኪናዋም ጢም ብላ ሞልታለች። መቼ እንደተሰካ አንዳቸውም አላነሡም።

ላን የኋላ ወንበሩን በቡቃያና በዳክዬ እንቁላል ሞላችው። «በጨረቃ ቆጠራ ለአምስተኛው ወር በዓል ነይ፤ ሩዝ በቅጠል ጠቅልዬ እጠብቅሻለሁ። ባትሪሽን ባዶ አድርገሽ ነይ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ቹልያን መንደሯ ደርሳ የባሏን መቃብር አረመች፣ ወረቀቱን አቃጠለች። የቤታቸው ጣሪያ በአንድ በኩል ወርዶ ዝናብ ያስገባ ነበር። ከአገሩ ሰው ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ አገኘች፤ አንደኛው ማን እንደሆነች አላስታወሰም። በዚያው ቀን ተመለሰች።

ለበዓሉ ግን አልሄደችም። ዩቶንግ ትርፍ አንጀቷን ተቀድዳ ሆስፒታል ተኛች፤ አስታማሚዋ ቹልያን ነበረች። ከዚያ የክረምቱ ዕረፍት ሆነ፣ ለልጅቱ ማን ያብስልላት ተባለ። ስልክ እንዳትደውል፣ ላን ስልኳን ሲጠራ ማንሣት እንጂ ቁጥሯን አታውቀውም ነበር። ቹልያን የተራራውን መንገድ እንደገና የያዘችው የመስከረም ጨረቃ በዓል ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ ነው።

የላን በር ተቆልፏል። ውሻውም የለም። ጎመኑ አብቦ ወደ ዘር ሄዷል። ከታች ዳክዬ የሚያግድ ሽማግሌ ቀና ብሎ አያት።

«ላንን ነው? ልጇ መጥቶ ወሰዳት። ምራቷ ወልዳለች።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«እኔ ምን አውቄ! ሕፃኑን ጠይቂው» አለ ሽማግሌው። ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወና የልጇን ቁጥር ከስልኩ ፈልጎ ደወለላት። ልጁ ለእናቱ አቀበላት።

«ሃሎ?» የላን ድምፅ እንደ ሹክሹክታ ነበር።

«ቹልያን ነኝ። ደጅሽ ቆሜያለሁ።»

«ቀስ በይ፣ ሕፃኑ ተኝቷል» አለች ላን፤ ከዚያ «ጎመኔን የዚያ ሽማግሌ ዳክዬዎች ጨረሱት አይደል?»

«ባለቤታቸው አጠገቤ ስለቆመ ምኑን ልንገርሽ።»

ላን አፏን ይዛ ስትስቅ ለቹልያን ተሰማት። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ፎቅ ላይ ነው ያለሁት፤ ታች ያለው ሰው ጉንዳን ያክላል። ይንከባከቡኛል። ግን ቃል የምለዋወጠው የለኝም፣ ቹልያን። ሕፃኑን በኛ ቋንቋ ሳባብለው እንኳ ምራቴ ‹ያምታታዋል› ትላለች።»

ቹልያን ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«መኪናሽ እዚህ ድረስ ትመጣለች?» አለች ላን።

«አትችልም። ሩቅ ነው።»

«በየመንገዱ እያበላሽ ብታመጫትስ?»

ቹልያን ሳትመልስ ሕፃኑ አለቀሰና ስልኩን ልጅየው ተቀበለ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

«የእናትህ ጓደኛ ነኝ።»

«እንዴ! እናቴ ጓደኛ እንዳላት አላውቅም ነበር» አለ በትሕትና፣ ስልኩም ተዘጋ።

ስትመለስ የተራራውን መንገድ ትታ ዞራ ሄዳ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ጣቢያ ቻርጅ አደረገች። እዚያ ሥራው ፈጣን ነው፤ አንድ ጎድጓዳ ሾርባ እስኪጠጣ ያልቃል። መኪኖቹ ተሰልፈው ቆመዋል። በየመኪናው አንድ አንድ ሰው መስተዋቱን ዘግቶ ስልኩን ያያል። እሷም የራሷን ዘጋች።

ቤት ስትደርስ ዳዌይ እራት ቀርቦለት ነበር። «እማ፣ የት ጠፍተሽ ዋልሽ?»

«ዘመድ ጥየቃ ሄጄ።»

«የትኛው ዘመድ?»

«አታውቃትም» አለችው፤ ልትነግረውም ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዳዌይ ስልክ ጠራ። እጁን አንሥቶ «አንዴ ቆይ» አላትና ወደ በረንዳው ወጣ። ቹልያን ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችው። ከዚያ ሳህኖቹን አንሥታ አጠበች።