የእሑድ ፊልም አስተርጓሚ

ዳንቴሉ ከፌስታሉ ሲወጣ መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። የናፍታሌን ሽታ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ የጋለ አቧራ ሽታ። የድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ሲግል የሚሸተውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ነጭ የነበረው ጨርቅ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል፤ ዳር ዳሩን የተሠሩት አበቦች ግን አንዳቸውም አልተተረተሩም። የእትዬ ቴሌቪዥን ልብስ ነው።

"ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ዕቃ ስናወጣ አገኘሁት። አንቺ ጋ ይቀመጥ ብዬ ነው" አለችኝ ያመጣችው። የእትዬ ልጅ ናት፤ የልጅነት ጎረቤቴ። እሑድ ቀን፣ ከቦሌ ሚካኤል እዚህ የካ አባዶ ድረስ ታክሲ እየቀያየረች፣ አራተኛ ፎቅ በእግሯ ወጥታ ነው ያመጣችልኝ። እኔ ግን "ደግ አደረግሽ" ከማለቴ በፊት አንድ የማውቀው ነገር ብድግ አለብኝ። ቅናት! በዚህ ዕድሜዬ፣ ወልጄ ከብጄ፣ በአንድ አሮጌ ጨርቅ ቀናሁ። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

ያኔ በእኛ መንደር ቴሌቪዥን ያለው እትዬ ቤት ብቻ ነበር። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለሱ ይዘውት መጡ፤ ብዙም ሳይቆይ እሳቸው መንገድ ላይ ቀሩ፣ ቴሌቪዥኑ ለቤቱ ቀረ። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ ይሄ የት ይታየኛል? የሚታየኝ ልጅቷ ዳንቴሉን ስታነሣው ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ እሷ በሁለት ጣቷ ጫፍና ጫፉን ይዛ፣ ቀስ ብላ ታነሣዋለች። ከዚያ አጣጥፋ ጭኗ ላይ ታደርገዋለች። ያንን አጣጣፏን ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር።

እትዬ ደንብ ነበራቸው። እግሩን ያልታጠበ ልጅ አይገባም። በሩ አጠገብ ጀሪካንና ሳፋ ይቀመጣል፤ ኮንጎ ጫማችንን እናወልቃለን፣ እንታጠባለን፣ ሊሾው ላይ እርጥብ እግራችንን እያተምን እንገባለን። "በጣቶችሽ መሃልም እጠቢ! ጭቃሽን ለማን ልትተዪልኝ ነው?" ይሉኛል። ልጃቸው አትታጠብም። የራሷ ቤት ነዋ!

ከዚያ የአንቴናው ጣጣ ይመጣል። ትልልቆቹ ልጆች አንዱን ጣሪያ ላይ ያወጡታል፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጮኻል።

"መጣ?"

"አልመጣም! ወደ ሚካኤል አዙረው!"

"አሁንስ?"

"ሄደ! ሄደ! ትንሽ ወደ ኤርፖርት መልሰው! በቃ! እንዳትነካው!"

ጣቢያው አንድ ብቻ ነው፤ እሑድ ከሰዓት የውጭ ፊልም ያሳያል። በእንግሊዝኛ ነው፤ ከታች የሚጻፍ ትርጉም የለው፣ ምን የለው። ፈረንጆቹ ይለፈልፋሉ፣ እኛ አፋቸውን እናያለን። ታዲያ አንድ እሑድ እትዬ አባባን ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ አዩትና፣ "ጋሼ፣ እስቲ ገብተው እነዚህ ሰዎች የሚሉትን ይንገሩን" አሉት።

አባባ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ካርጎ ጫኝ ነበር። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጥላል፤ ቀኑን ሙሉ ፈረንጅ ከሚያወርድ አውሮፕላን ሥር ይውላል። ለመንደራችን ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ኤርፖርት የሚሠራ ሰው እንግሊዝኛ አይችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል? አባባም እምቢ አላለም። ገባና ወንበር ተሰጠው።

ቤታችን ውስጥ አባባን ብትሰሙት፣ "ውኃ አምጪ"፣ "በሩን ዝጊ"፣ "ስንተኛ ወጣሽ?" ነው። አለቀ። እማዬ እንኳ "የእኔ ባል ምላሱን ካርጎ ውስጥ ነው አስቀምጦ የሚመጣው" ትል ነበር። እትዬ ቤት የገባው ሰውዬ ግን ሌላ ሰው ነው።

"ይሄ ባለባርኔጣው የልጅቷ አጎት ነው፤ ውርሷን ሊቀማት ነው የመጣው። ተመልከቱት፣ ዓይኑ ያስታውቃል" ይላል። "እሷ ደግሞ 'ምሳ ሳትበላማ አትሄድም፣ በሞቴ' እያለችው ነው።" ፈረንጇ "በሞቴ" ትላለች! ቤቱ በሳቅ ያውካካል። አውሮፕላን መጥቶ በላያችን ሲያልፍ ደግሞ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ምስሉ ይወላገዳል፣ ድምፁ ይጠፋል። መንደራችን ማረፊያው አፍ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ ደህናው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው የሚመጣው። "ወይኔ! ምን አለ? ምን አለ?" እንላለን። አባባ ከአውሮፕላኑ በላይ እየጮኸ፣ ያልታየውንም ያልተሰማውንም ይነግረናል።

ማን ነው ታዲያ ከጎኑ የተቀመጠው? የእትዬ ልጅ! በርጩማዋን አስጠግታ፣ ክንዷን ጉልበቱ ላይ ጥላ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ "ጋሼ" ብሎ፣ "እርስዎ" ብሎ ነው የሚጠራው። እሷ ግን "አባባ፣ አንተ፣ ይሄኛው ደግሞ ማነው?" ትላለች። አንተ! የእኔን አባት! እሱም "ይሄኛው? ይሄኛው ሌባ ነው፣ የኔ ቆንጆ" ይላታል። አንጀቴ እርር ድብን ይላል። ቴሌቪዥንም አላት፣ አባቴም አላት። ላለው ይጨመርለታል ያለው ማን ነበር? እውነቱን ነው።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ፊልሙ ላይ አንድ ሰውዬ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከቤት ሊወጣ ነው፤ ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። አንድ ነገር አለችው። እኔ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ የሚስተካከለኝ የለም፤ ደግሞ ሴትዮዋ ጥርት አድርጋ ነው የተናገረችው።

"'ቶሎ ተመለስ' ነው የምትለው። 'ቆሎ ቋጥሬልሃለሁ፣ መንገድ ላይ ብላ'" አለ አባባ።

"አይደለም!" አልኩ ከመሃል ተነሥቼ። "'አትመለስ' ነው ያለችው! ሁለተኛ እንዳትመለስ!"

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባባ ወደኔ ዞረና፣ "እሱማ በአፏ ነው። በሆዷ ግን ቶሎ ተመለስ ነው የምትለው" አለ።

"እውነታቸውን ነው፤ ሴት ልጅ እንዲህ ናት" አሉ እትዬ እፎይ ብለው። ሁሉም ሳቀ። የእትዬ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ አባባን ቀና ብላ አየችው።

በሚቀጥለው እሑድ እግሬን ታጥቤ ስገባ አባባ፣ "አስተማሪዋ፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ" አለኝ። ግድግዳው ጋ፣ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ። ከዚያ ወዲህ ቦታዬ እዚያ ሆነ። ከዚያ የሚታየኝ የአባባ ማጅራትና የልጅቷ ሹሩባ ነበር፤ ፊልሙን በሁለቱ ጭንቅላት መሃል ነው የማየው። "አልፈልግሽም ማለቱ ነው" አልኩ ለራሴ። ጥፋቷ አንድ ጊዜ እውነት መናገር ብቻ የሆነ ልጅ፣ እንዲህ ከኋላ ትጣላለች? የዚያን ሌሊት ቴሌቪዥኑ እንዲቃጠል ለሚካኤል ተሳልኩ። ጧፍ አመጣልሃለሁ ብዬ!

ሚካኤል ቴሌቪዥኑን አላቃጠለውም። በምትኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አባባ ራሱ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ከታክሲ አወረደ። ቴሌቪዥን! ከካርጎ ባልደረባው የገዛው፣ አሮጌ፣ አንዱ ቁልፉ የወለቀ። የደስታዬ ደስታ! እማዬ ዳንቴል የላትም፤ ነጠላዋን አጥፋ አለበሰችው። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ "በቃ፣ አሁን ያንቺ ነገር አበቃ፣ የእትዬ ልጅ። አባቴን መልሺ" አልኩ።

እሑድ ደረሰ። እግሬን ማንም ሳያዘኝ ታጠብኩ። በርጩማዬን ከአባባ ወንበር ጎን አስጠጋሁ፤ ክንዴን ጉልበቱ ላይ ጣልኩ። ፊልሙ ጀመረ። ጠበቅሁ። አባባ ዝም።

"አባባ፣ ምን አለ?"

"አንቺ እያለሽ እኔ ምን እላለሁ?" አለና ጉልበቱን አስተካከለ። "አንቺው ንገሪኝ እንጂ።"

ነገርኩት። ያሉትን ብቻ፣ ልክ ያሉትን። "'ነገ እመጣለሁ' አለ። 'በሩን ክፈቺ' አለ። 'አላውቅም' አለች።" አባባ ራሱን ይነቀንቃል። "ጎበዝ። ጎበዝ" ይላል። በመሃል ተነሣና "የእትዬ አንቴና ዛሬ አልሠራ ብሏል አሉ፤ አይቼው ልምጣ" ብሎ ወጣ።

አልተመለሰም። በሁለታችን ግቢ መሃል ያለው አጥር ቆርቆሮ ነው። ጣቢያው አንድ፣ ፊልሙ አንድ። የእኔ ቴሌቪዥን የሚለውን የእነሱም ይለዋል፤ ከዚያ ላይ የአባባ ድምፅ፣ ከዚያ ላይ የልጆቹ ሳቅ። አውሮፕላን መጣ። የእኔም ምስል ተወላገደ፣ የእነሱም። ከአጥሩ ማዶ አባባ እየጮኸ ሲናገር ሰማሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ሁሉም እየሳቀ ነበር። እኔ ብቻዬን፣ የራሴ ቴሌቪዥን ፊት፣ ጉልበቴን አቅፌ ተንሰቀሰቅሁ። ወይ ነዶ! እንደዚያን ዕለት ቀንቼ አላውቅም፤ ባሌ እንኳ እንደዚያ አላስቀናኝም።

ሳድግ ብዙ ነገር ገባኝ። አባባ እንግሊዝኛ እንደማይችል ገባኝ፤ "ጉድ ሞርኒንግ"ና የዕቃ ስም ነበር የሚያውቀው። ልጅቷ አባት እንደሌላትም ገባኝ። ግን መግባት ሌላ፣ መሻር ሌላ ነው። አባባ ሲሞት ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ፣ "አባባ! አባባ!" እያለች ከእኔ በላይ ስትጮህ፣ ያኔ እንኳ እንባዬን አቁሜ አየኋት።

አሁን ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች። ጠጉሯ ከፊቱ ሸብቷል። ቴሌቪዥኑን ልጆቼ ከፍተውት ነው የወጡት፤ ግድግዳውን የሚያህል ነው፣ ዳንቴሉ ቢለብሰው ግማሹንም አይሸፍነውም። ዳንቴሉን ጭኔ ላይ አጣጠፍኩት። ሳላስበው እንደ እሷ ነው ያጣጠፍኩት።

"አባባ ይፈራሽ ነበር እኮ" አለችኝ ድንገት።

"ማንን? እኔን?"

"አንቺን። 'እሷ ፊት አፌ ይተሳሰራል' ይለኝ ነበር። ያን ቀን 'አትመለስ ነው ያለችው' ስትይ ጊዜ ገባኝና፣ ሰው ሲወጣ ጠየቅሁት። 'አባባ፣ እንግሊዝኛ አትችልም እንዴ?' አልኩት። አልዋሸኝም። 'አልችልም። ልጄ ግን ትችላለች፤ እኔ ያልኩትን ሳይሆን ሰዎቹ ያሉትን የምትሰማው እሷ ብቻ ናት' አለኝ። እንዴት እንደኮራ ብታዪው! ለማንም አትናገሪ አለኝ፣ አልተናገርኩም።"

"ታዲያ ለምን ከኋላ…"

"ፊትሽን ካየ መዋሸት አይችልማ! እኔን ከጎኑ ያደረገኝ፣ ሞኟ፣ ከክፍል መጨረሻ ስለምወጣ ነው።" ሳቀች። ሻይዋ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

እኔም ሳቅሁ። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? የኮራብኝ እኔ ነኝ፣ የፈራው እኔን ነው። ግን ይሄንን ለማን ነገረው? ለእሷ! ስንት ዓመት ስለ እኔ የሚያወሩት ምሥጢር ነበራቸው፤ እኔ ከግድግዳው ጋ ማጅራታቸውን አያለሁ። እንደገና ቀናሁ። ከመጀመሪያውም ይብሳል።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የፈረንጅ ፊልም እየሄደ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ይሰማል።

"እስቲ እንደሱ አድርገሽ ንገሪኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ፊልሙን። ያኔ ከአጥሩ ማዶ ነበርኩ፤ ብዙውን አልሰማሁትም።"

አየችኝና ገባት። ስኒዋን አስቀመጠች፤ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ልክ እንደ እሱ። እኔ ደግሞ ተነሣሁና ከሶፋው ጀርባ፣ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዋ፤ ፊቴን እንዳታይ።

"እንግዲህ ይሄ ባለኮቱ ሰውዬ" አለች በአባባ ድምፅ፣ "ከወንድሙ ጋር በእርሻ መሬት ተጣልቶ ነው የመጣው። ምሳም አልበላም፤ ያስታውቃል።"

ዳንቴሉን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። ሰውዬው ተነሣ፤ ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ቆማ ሳትዞር አንድ ነገር አለችው።

"ምን አለችው?" አልኩ።

"'ምሽት ላይ እጠብቅሃለሁ፣ እንዳትቀር' አለችው።"

ሴትዮዋ ያለችውን ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። "ከዚያስ?" አልኩ።