የጨዋ ልጅ

የሺዓለም በአርባ ስምንት ዓመቷ እንግሊዝኛ ልማር ስትል የአፍንጮ በር ጎረቤቶቿ፣ «ሽንኩርቱን በፈረንጅ አፍ ልትሸጪው ነው?» ብለው ሳቁባት። እሷ ግን የአባቷ የሐድጉ የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሷ ማንበብ ፈልጋ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት መማር ጀመረች።

ሐድጉ ወላጇ አይደለም። አትክልት ተራ ጆንያ ሲሸከም፣ አንድ ጠዋት የጎመን ክምር ሥር በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልላ አገኛት። ፖሊስ ጣቢያ ቢወስዳት ፈላጊ ጠፋ፤ «እንግዲያ እኔው ላሳድጋት» አለ። ሊያገባት ያሰባት ሴት «ልጅቷን ለዘመድ ስጣት» ብትለው፣ «ዘመዷ እኔ ነኝ» ብሎ ሳያገባ ቀረ።

የሺዓለም አድጋ የወደደችው ሰው እናት ደግሞ፣ «ልጄ የጨዋ ልጅ እንጂ ዘሯ የማይታወቅ አያገባም» አሉ። ያ ነገር በዚያው ቀረ፤ እሷም ሌላ አላየች።

አንድ ቅዳሜ መምህርቷ ኤደን ሰሌዳው ላይ «ኖብል» የሚለውን ቃል ጻፈች።

«ባለ ማዕረግ፣ ከትልቅ ቤት የተወለደ ማለት ነው። በመልካም ሥራው ለሚከበር ሰውም ይባላል። የኛም ‹ጨዋ› እንደዚሁ ነው፤ ለዘርም ለጠባይም ይሆናል። እስቲ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።»

አንዱ ስለ ንጉሥ፣ ሌላዋ ስለ ዳኛ ተናገሩ። የሺዓለም ተነሥታ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኖብል» አለች።

«አባትዎ ማዕረግ ነበራቸው እንዴ፣ እትዬ የሺ?»

«ተሸካሚ ነበር። ወድቄ አግኝቶ አሳደገኝ።»

ኤደን፣ «እንግዲያ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው» አለቻት።

ቤት ስትደርስ ሐድጉ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«አባዬ፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ኖብል ነህ አልኩህ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚዋጠው?»

«ጨዋ ማለት ነው።»

ሽማግሌው ፈገግታውን ተወ። ቆይቶ፣ «ያኔ እኮ ሴትዮዋ ቤት ሄጄ ነበር፣ ጓለይ፣ ልጄ» አላት።

«የልጁ እናት ጋ?»

«አዎ። ልጄን አትናቁብኝ ልላቸው። በራቸው ላይ ቆሜ፣ ማን ነህ ቢሉኝ የምለው አጣሁና ተመለስኩ።»

ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አጠገቡ ተቀመጠችና ጆንያ ያጎበጠውን ትከሻውን አቀፈችው።

«እስቲ ድገሚው፤ ቀስ ብለሽ።»

«ኖብል።»

«ኖቭል» አለ፣ በቀሩት ጥርሶቹ መካከል።

ጮክ ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ፀሐዩ ከደጃፉ እስኪሸሽ እዚያው ተቀምጠው ቆዩ።