የሬሳዋ መኪና ጭስ

ዛሬ ጠዋት ልጄ የናፍጣ መኪናውን ሲያስነሳ ነጭ ጭስ ወጣና ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ከመመለስ በቀር የትም አይነዳውም።

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ነቀምቴ የሐኪም ቤት ሾፌር ነበር። የሐኪም ቤቱ መኪና ሬሳ ቤተ ክርስቲያን አድርሳ ወዲያው ትመለሳለች፤ መንገዱ ቅርብ ነው። ነጭ ጭሷ እንደ ጉም መሬት ላይ ተኝቶ ይቆያል። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ «የሙታኑ ትንፋሽ ነው» ስላሉ፣ መውለጃዋ የደረሰ እናቴ «ምጥ ቢይዘኝም በእሷ አልሄድም» አለች።

አባቴ ጭሱን በመዳፉ ይዞ አሸተተ። «የውሃ እንፋሎት ቢሆን እንዲህ አይሸትም። ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለማጠፋው ነው» ብሎ ሞተሩ እንዲሞቅ እኔን አሳፍሮ ራቅ ወዳለችው ዲጋ ነዳ። ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ ተግተለተለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልወጣም።

ስንመለስ «አዩ፣ አዴ? ጠራ!» አለ እየሳቀ።

አዴ ጫልቱ ከመኪናዋ ኋላ ዞረው አዩ። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ሙታኑን የት አወረዳችኋቸው?»

አባቴ ሳቁን አቋርጦ የመጣንበትን መንገድ ዞሮ አየ። እኔም አየሁ። እናቴ ምጡ ሲይዛት በእግሯ ሄደች፤ ወንድሜንም የሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ወለደችው። አባቴ አልተከራከራትም።

ዛሬ እኔም ልጄን «ሳይሞቅ ስለምታጠፋው ነው፤ ራቅ አድርገህ ንዳው» አልኩት።

«እሺ እማዬ፣ ከልጆቹ ጋር ዲጋ ደርሰን እንምጣ» አለኝ።

የጭሱን ምክንያት አውቃለሁ። ልጆቹን ግን ከመኪናው አወረድኳቸው።