በጭነት መኪና ላይ በእግር

የመሐል ሜዳዋ የትምወርቅ አንድ ልጇን አፈወርቅን ለሚሊሺያ የወሰዱባት ዕለት፣ «ቅዱስ ላሊበላ፣ በሕይወት ከመለስክልኝ በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ» ብላ ተሳለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዓመቱ፣ በሰባ አንድ መሆኑ ነው፣ አፈወርቅ ክንዱን ቆስሎ ለሃያ ቀን ዕረፍት መጣ።

እናቱ ልጇ ወደ ጦሩ ሳይመለስ ስለቷን ማስገባት አለባት። ያልገባ ስለት የሰጠውን መልሶ ይነሣል ብላ ታምናለች፤ እንቅልፍ የነሣትም ይኸው ነው። ግን ማን በእግሩ ወሎን ይሻገራል? መንገዱ በሽፍታ ተዘግቷል፤ ገበሬ ማኅበሩም የይለፍ ወረቀት የሰጣት ለስምንት ቀን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ኪዳነ ወልድ መላ አላጣም። «እትዬ፣ ሰማይ ላይ እግር መርገጫ የለ። ከአውሮፕላን ከወረድሽ በኋላ ያለውን በእግርሽ ትሄጃለሽ» ብሎ ቲኬት ቆረጠላት። ምክሩ ልቧን አሳረፈው።

አውሮፕላኑ ያረፈው ከከተማው ርቆ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ ነው። የትምወርቅ እንደ ወረደች ጫማዋን አውልቃ ዳገቱን ተያያዘችው። ሃያ እርምጃ ሳትሄድ አንድ ወታደር ደረሰባት።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቅዱሱ።»

«በእግር አይቻልም። ሁሉም በመኪና ታጅቦ ነው የሚገባው።»

«ስለት አለብኝ ልጄ!»

«እኔም ትእዛዝ አለብኝ» አለና ደግፎ ተሳፋሪውን ወደ ከተማ የሚያስገባው ጭነት መኪና ላይ ሰቀላት። የኋላው መዝጊያ ተቆለፈ፤ ሸራው ወረደ።

እስር ቤት የገባች መሰላት። ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ብድግ አለችና በሰውና በጆንያው መሀል መራመድ ጀመረች፤ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ። መኪናው ሲያንገጫግጫት ትወድቃለች፣ ትነሣለች።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ጨረሱን እኮ በእርግጫ!» ይላታል ተሳፋሪው።

«ከተቀመጥኩማ የሄደው መኪናው ነው» ትላለች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ ሽማግሌ ካህን መስቀል አሳለሟትና፣ «በምን መጣሽ ልጄ?» አሏት። «በእግሬ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ቆሜ ነው የመጣሁት፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይቀበልሽ» አሏት። እሷን ግን አልቀለላትም።

መሐል ሜዳ ስትመለስ ቤቷን ዝግ ሆኖ አገኘችው። አፈወርቅን ዕረፍቱ ሳያልቅ፣ እሷ በምትገባበት ዋዜማ ጠርተው ወስደውታል። ጎረቤቷ አየለች፣ «ጦርነቱ ነው እንጂ ስለቱ አይደለም፣ እባክሽ!» ብትላት ጆሮ አልሰጠቻትም።

ይኸው ስምንት ዓመት ሆነ፤ ከአፈወርቅ አንድ ደብዳቤ አልመጣም። የትምወርቅ የልጇን ወሬ ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን ድረስ ትመላለሳለች፤ ሁልጊዜም በእግሯ፣ በየመንደሩ እያደረች። የአውቶቡሱ ሾፌር ያውቃታልና መንገድ ላይ ሲያገኛት ፍሬን ይዞ፣ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» ይላታል።

«ሂድ ልጄ» ትለዋለች። «አንድ ጊዜ ተሳፍሬ ልጄን አስወስጃለሁ።»