ዘጠኝ ቁጥር የማይሰፋው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ክለቡን በመደገፍ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። ሚስቱ ግን የቀሩትን ጥርሶቹንም ያረገፈው ይኸው ክለብ ነው ትላለች።

ሱቁ ከኳስ ሜዳው አጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ የቆመች አንዲት ክፍል ናት። ሦስት ሰው በአንዴ ቢያስነጥስ ግድግዳዋ የሚሰነጠቅ ይመስላል። የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል፣ ካውያው በበሩ በኩል፣ ደንበኛው ደግሞ በተረፈው በኩል ይቆማል። ከመኪናው በላይ ክለቡ ዋንጫ የበላበት ፎቶ ተሰቅሏል። መቼ እንደበላ በትክክል የሚያስታውስ የለም። ብቻ በዋንጫው ውስጥ የወለደችው አይጥ ዛሬ የልጅ ልጆቿን ድራ ጨርሳለች።

ከዚያ ወዲህ ክለቡ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ደጋፊው ከማነሱ የተነሳ እርስ በርሱ የሚለየው በሳሉ ነው። አንዱ ታሞ ከቀረ የመስመር ዳኛው ሳይቀር "ያ ወፍራሙ ሳል ዛሬ የለም እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። የእንግዳ ቡድን በረኛ ኳስ አልመጣ ቢለው ጋዜጣ አውጥቶ ሲያነብ የሥራ ማስታወቂያ አግኝቶ፣ ተወዳድሮ ተቀጥሯል እየተባለም ይወራል።

አዲስ ማሊያ መግዛት የቀረው ከዋንጫው ብዙም ሳይቆይ ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ አሮጌዎቹ ማሊያዎች በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ይመጣሉ። እሱም የተቀደደውን ይጥፋል፣ ያረጁትን ቁጥሮች ይነቅልና በአዲስ ጨርቅ ቆርጦ ይሰፋል። ከዚያ የክለቡ ጸሐፊ ማሊያዎቹን አንድ በአንድ ገልብጦ ጀርባቸውን እያየ የተጫዋቾችን ዝርዝር ይሞላል። እንግዲህ ልብስ ሰፊው ጀርባ ላይ የሰፋው ነገር ወረቀት ላይ ሕግ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው ዘጠኝ ቁጥር አይሰፋም። ዘጠኝ የባቡሩ ነው። ባቡሩ የሚባለው የዋንጫው ዓመት አጥቂ ሲሆን፣ ተከላካዮች ከፊቱ ዘወር የሚሉት ሐዲድ ላይ እንደቆመ ከብት እየደነበሩ ነበር። እሱ ጫማውን ከሰቀለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በነዚህ ዓመታት ዘጠኝ ቁጥር ይሰፋልኝ ያለ አጥቂ ሁሉ "ጨርቁ አልበቃኝም" እየተባለ ሃያ ዘጠኝ ተሰጥቶታል። ለሃያ ዘጠኝ የበቃ ጨርቅ ለዘጠኝ እንዴት እንዳነሰ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ባቡሩ ራሱ አንድ ቀን ሳይታሰብ ወደ ሱቁ ብቅ ብሎ ነበር። የመጣው ሱሪ ሊያሰፋ ነው። በመስኮቱ አጥሩን እያየ "ያ ክለብ አሁንም አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አራት ጣት አስፍቶ ሸኘውና ነገሩን ለሚስቱ ብቻ ነገራት።

"እሱ ራሱ ከረሳው አንተ የምትጠብቅለት ለምንድን ነው?" አለችው።

"ለእሱ ብዬ መቼ ጠበቅኩ!"

"ታዲያ ለማን?"

ልብስ ሰፊው ፔዳሉን ረገጠ። መኪናው ላይ ግን ጨርቅ አልነበረም።

ዘንድሮ ነገሩ ሁሉ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ወደቀ። ክለቡ ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። ከወረደ ደግሞ የሚደጉመው ፋብሪካ ክለቡን ዘግቶ ሜዳውን የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ፋብሪካው ይህንን በግልጽ ጽፎ አጥሩ ላይ ለጥፎታል። የቀረው ተስፋ ቀጮው ነበር። ቀጮው በውሰት የመጣ አጥቂ ሲሆን፣ በታመመ ጉልበቱ የተነሳ ዓመቱን ሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ለዚህች ጨዋታ ገና መዳኑ ነው።

በዋዜማው ጸሐፊው ማሊያውን ይዞ መጣ።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ዘንድሮ ፌዴሬሽኑ አዲስ ደንብ አውጥቷል። አንዴ የተመዘገበ ቁጥር አይቀየርም። ልጁን ሳስመዘግብ ክፍት የነበረው ዘጠኝ ብቻ ነው። ዘጠኝ ትሰፋለህ። በቃ፣ ያለፈው አልፏል።"

"እሺ" አለ ልብስ ሰፊው። እሺ ያለው ግን አፉ እንጂ እጁ አልነበረም።

ዘጠኝን ቆረጠ። አሳምሮ ሰፋው። ተኮሰውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ያ የባቡሩ ሰፊ ጀርባ ተሸክሞት የሮጠውን ቁጥር ዱላ የመሰለ ልጅ ነገ ጭቃ ለጭቃ ሊጎትተው መሆኑን ሲያስብ ዓይኑ እምቢ አለው። ከቁርጥራጮቹ መሀል አንዲት ቀጥ ያለች ነጭ ጨርቅ አነሳና ከዘጠኙ ፊት ሰፋት። አስራ ዘጠኝ ሆነ። አስራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ባለፈው ሳምንት የዳኛውን ፊሽካ ነጥቆ በቀይ ካርድ የተባረረውና የታገደው ተከላካይ ነበር። ልብስ ሰፊው "ባለቤቱ ቢታገድ ቁጥሩ ምን አጠፋ?" አለ ለራሱ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝርዝሩ ማሊያውን ሲከተል ኖሯል፤ ነገም ይከተላል ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

በማግስቱ ሰማዩ ተቀደደ። ተጫዋቾቹ የዝናብ ልብስ ደርበው ቆሙ፤ የጨዋታው ኮሚሽነርም ፊታቸውን ከፎቷቸው ጋር አመሳስሎ ወደ ጥላው ሮጠ። ጀርባ የገለበጠ አልነበረም። በሰባ አንደኛው ደቂቃ ቀጮው ከጭቃው ውስጥ ብድግ ብሎ በግንባሩ አገባ። አርባ የማይሞሉት ደጋፊዎች የአርባ ሺህ ሰው ጩኸት ጮኹ። ልብስ ሰፊው አስራ አንድ ዓመት ያኮረፈውን ጸጉር አስተካካይ አቅፎ አለቀሰ። አንድ ለዜሮ አለቀ።

ደስታው ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ተሸናፊው ቡድን ክስ አቀረበ። የዳኛው ሪፖርት ግቡን ያገባው አስራ ዘጠኝ ቁጥር ነው ይላል። ዝርዝሩ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ቁጥር ታግዷል ይላል። ኮሚቴው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ፎርፌ ወሰነ። ክለቡ ወረደ። ፋብሪካው በተናገረው ጸና፤ በሳምንቱ የጭነት መኪናዎች በማዕዘን መምቻው በኩል እየገቡ መሀል ሜዳው ላይ ተኮለኮሉ።

ደጋፊው ሁሉ ጸሐፊው ላይ ተነሳ። ዝርዝሩን ያበላሸ እሱ ነው ተባለ። ጸሐፊውም አልካደም። ልብስ ሰፊው ይህን ሰማ። ሦስት ሱሪ ጠባብ አድርጎ ካበላሸ በኋላ ሱቁን ዘግቶ ወደ ክለቡ ቢሮ ሄደ። ጸሐፊው መዝገቦቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለው በሩ ላይ ቆሞ።

"አውቃለሁ። ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ።"

"ታውቃለህ?"

"ልጁ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲያጠልቀው አየሁት። ያቺን አንዷን ጨርቅ በመቀስ ማንሳት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።"

"ታዲያ ምን ነካህ?"

ጸሐፊው ካርቶኑን ዘጋው። "ደስ አለኛ! ዘጠኝን ብቻውን በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ባለማየቴ ደስ አለኝ። በዚህ ዝናብ ማን ያያል ብዬ ዝም አልኩ።"

ካርቶኑን አብረው በገመድ አሰሩት። አንዱ ያዘ፣ አንዱ ቋጠረ። በመጨረሻ ጸሐፊው "ለማንም እንዳትናገር" አለው። "አንዳችን ከተሰደብን ይበቃል። እኔ እንደሆነ ስድብ ቁርሴ ነው።"

ልብስ ሰፊው ግን ከዚያ እንደወጣ በቀጥታ ደጋፊዎቹ ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገባ። ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

"ያ ጸሐፊ ተብዬ! ዘጠኝን ከአስራ ዘጠኝ መለየት ያቃተው! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጢም እላጫለሁ፣ እሱ ዓይኑን ገልጦ…"

"ተው፣ እሱ አይደለም" አለ ልብስ ሰፊው። "ክለቡን የገደልኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በገዛ መርፌዬ።"

የጸጉር አስተካካዩ ዓይን እንባ አቀረረ።

"ሰማችሁ? ደጋፊ ማለት እንዲህ ነው! እኛ ሰው ስንወቅስ ጋሼ ራሱን ይወቅሳል!"

"እውነቴን ነው እኮ! ያቺን አንድ የጨመርኩት…"

"ይብቃዎት ጋሼ፣ ራስዎን አይጉዱ" አለ የታክሲ ሾፌሩ። "ከተባለ ሁላችንም ገድለነዋል። እኔ ራሴ ስንቴ በአጥር ዘልዬ ገብቻለሁ።"

"እኔ ደግሞ አምና ሁለት ጨዋታ ቀርቻለሁ፣ አማቴ ታማ" አለ ሌላው።

"እኔማ አንድ ቀን ለተጋጣሚው አጨብጭቤያለሁ" አለ አንድ ሽማግሌ፤ ይህ ሲሰማ ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ ከዚያም ይቅር አለው። ኑዛዜው በየጠረጴዛው ዞረ። ልብስ ሰፊው ሦስት ጊዜ ስለ ጨርቋ ሊያስረዳ ሞከረ። ሦስቴም አንገቱን አቅፈው ሻይ አዘዙለት።

በመጨረሻ በጸሐፊው ላይ የክስ ደብዳቤ ተጻፈ። ከሁሉ በላይ ደጋፊ ልብስ ሰፊው ስለሆነ መጀመሪያ ይፈርም ተብሎ እስክሪብቶው ተሰጠው። ልብስ ሰፊው የጸሐፊውን ስም በሁለት መስመር ሰረዘውና በላዩ ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ከሥሩም "ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ" ብሎ ፈረመ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያነበበው ሰው አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ሰው ከእሱ ሥር እየተጋፋ ፈረመ።

ጸጉር አስተካካዩ ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

"ለመሆኑ የምንሰጠው ለየትኛው ቢሮ ነው?"

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከውጭ አንድ የጭነት መኪና ወደ ሜዳው ለመግባት ወደ ኋላ እየሄደ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።