ቆመጡ የጠፋው ጋኔን

በኤዶ ከተማ ለሥዕል ማተሚያ እንጨት ከሚቀርጹት ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ካንሮኩ ነው። ሌሎቹ ልብስና ዛፍ ይቀርጻሉ፤ ፊትና ፀጉር ግን ለእሱ ይቀመጥለታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ስቶ አያውቅም። ይህንንም ደጋግሞ የሚናገረው ራሱ ነው፤ ትሕትና አልፈጠረበትም።

ስለዚህ አሳታሚው ጌንሺቺ የሙከራውን ኅትመት ይዞ ሲገባ ካንሮኩ የጠበቀው ሙገሳ ነበር።

ሥዕሉ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆች በወዲያኛው ዓለም ወንዝ ዳር ለወላጆቻቸው ጠጠር ይደረድራሉ፤ ጋኔን መጥቶ በብረት ቆመጥ ይንድባቸዋል፤ እነሱም እየጮኹ ይሮጡና የሕፃናት ጠባቂው ርኅሩኁ ጂዞ እጅጌው ውስጥ ይሸሽጋቸዋል። ካንሮኩ ይህን ሰሌዳ ለማንም ሳያካፍል ከጋኔኑ ጀምሮ ብቻውን ነበር የቀረጸው።

"ካንሮኩ፣ ይሄ ጋኔን ምን እያደረገ ነው?"

"ጠጠሩን እየናደ ነዋ፣ ጌታው።"

"በምኑ? በሰላምታ?"

ካንሮኩ አየ። የጋኔኑ እጅ ባዶውን ተዘርግቷል።

"ሠዓሊው ረስቶት ይሆናላ።"

"በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን!"

ሄዶ እንዳያመሳክር የሠዓሊው ወረቀት የለም። ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ፣ እንጨቱ ሲቀረጽ አብሮ ተቆራርጦ አልቋል፤ የሥራው ጠባይ ነው።

"ቦታውን ፈልፍለህ አዲስ እንጨት ወትፍበትና ቆመጡን ቅረጽልኝ" አለ ጌንሺቺ። "ሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳውን አናቱ ላይ ነበር የምሰብርለት።"

ጌንሺቺ ኅትመቱን ትቶለት ሲሄድ ካንሮኩ ቢላውን ቢያነሣም እጁ አልታዘዝ አለው። አንድ ልጁ ኮቶ ባለፈው ፀደይ በኩፍኝ ሞታለች፤ አምስት ዓመቷ ነበር። እጁ ስቶ ነው ወይስ እያወቀ ቆመጡን አነሣላት? ቢያስበው ቢያስበው ጋኔኑን የቀረጸበት ቀን ትዝ አይለውም። ስቶ ከሆነ አርጅቷል ማለት ነው፤ ያርመው። አውቆ ከሆነስ? አሁን መቅረጽ በገዛ እጁ ለጋኔኑ ቆመጥ ማቀበል ሊሆንበት ነው። ቢቀርጽ ምኑን አባት ሆነ? ባይቀርጽስ ምኑን ቀራጭ? ጨርሶ ግራ ገባው።

ሚስቱ ኦሺኖ ከጓዳ ብቅ አለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሩዙ እኮ ቀዘቀዘ። ምን ሆነሃል?"

ነገራት። ኅትመቱን ተቀብላ ብዙ አየችው።

"ታዲያ ልጆቹ ለምን ይሮጣሉ?"

"እንዴት?"

"የሚያስደነግጣቸው ከሌለማ እዚያው ጠጠራቸውን ሲደረድሩ ይኖሩ ነበር። ጂዞ ጋ የሚደርሱት ሸሽተው አይደል?"

"እንጃ ኦሺኖ። እኔ ምንም አላውቅም። አውቄ ያደረግሁት ይሁን፣ ስቼ ይሁን..."

"እኔስ መች አወቅሁ? ግን ኮቶ ስንጠራት መቼ ቶሎ መጥታ ታውቃለች? መጫወቻ ካገኘችማ..." ወረቀቱን መለሰችለት። "ትልቅ አርገህ ቅረጸው።"

ካንሮኩ እንጨቱን ወተፈ። ቆመጡን ከጋኔኑ ጭን አስበልጦ አወፈረው። "ሩጪ" ይላል ቢላውን በገፋ ቁጥር፣ "ሩጪ፣ ልጄ፣ ሩጪ።"