ከሐይቁ ስለወጣው ፈረስና ስለቀደድኩት ሥዕል

ጥርባ ሐይቅ አጠገብ አንድ ባለሀብት የልጆች መዝናኛ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ እንጅባራን ያመሰው ቤታችን ዲሽ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ «መዝናኛው በየትኞቹ የፊልም ጀግኖች ቢያጌጥ ይሻላል? ሥላችሁ ዓርብ ጠዋት አምጡ፤ የተመረጠው ለማዘጋጃ ቤት ይሰጣል» ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። እጇ ለሥዕል የተፈጠረ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሲከራከሩ ሰነበቱ።

«ካባ ለባሹ ይሻላል። በሽቦ ታስሮ ሐይቁ ላይ ይበራል» ይላል ወንድሟ።

«ብርዱ ይገድለዋል፤ እንጅባራን መች ያውቃታል? የቱርኩ ድራማ ቤተ መንግሥት ይሠራ፤ እማማም ትገባለች።»

«እሱማ ለቅሶ ቤት ነው። እማማ እሱን ከከፈተች መቼ እንባዋን አቁማ ታውቃለች?»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ሳልል ሁሉንም እሰማለሁ፤ ደሜ ይፈላል። ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ነው፤ ልጆቼን ያስተማርኩት የባዕድ ጀግና እንዲያማርጡ አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥዕሏን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ባለ ካባው አለ፣ ቤተ መንግሥቱም አለ። ሰው በፈረሱ በሚከበርበት በአገው ምድር አንድ ፈረስ እንኳ አልሳለችም። ለሁለት ቀደድኩት።

አላለቀሰችም። «እሺ አባባ፤ የእኛ የሚሉትን ይንገሩኝና እሱን ልሳል። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለኝ» አለች።

እናቴ የነገረችኝን ጀመርኩላት፤ ከሐይቁ ስለወጣ ፈረስ። ሰው ሲመታው እየዘፈነ ወደ ውኃው ይመለሳል። ዘፈኑ በአገውኛ ነው። ዘፈንኩት። ልጄ አፍ አፌን አየችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

ወደ አማርኛ መለስኩት፤ «አትምታኝ፣ ቤቴ ውኃ ነው» ሆኖ ቀረ።

«ይኸው ነው? አገውኛውን ለምን አላስተማሩንም?»

«እንዴት ያስተምሩሽ?» አለ ወንድሟ። «አያታችን በአገውኛ ስታናግረን ‹በአማርኛ አናግሪያቸው› እያሉ የሚቆጧት እሳቸው አልነበሩ?»

በጥፊ ልለው እጄ ተነሣ፤ ግን ልጁ አልዋሸም። በወጣትነቴ ዳንግላ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊው አገውኛ የተጫነውን አማርኛዬን እየሰማ ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ ከጓደኞቹ ጋር ስቆብኛል። ልጆቼ አይሳቅባቸውም ብዬ ምዬ ነበር። የእናቴን አፍ የዘጋሁት ለዚህ ነው። ዛሬም ጸሐፊውን ሳስብ እናደዳለሁ፤ እናቴን ዝም ያሰኘ ግን ጸሐፊው አይደለም።

ልጄ እስኪመሽ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀመጠች። የማታውቀውን ፈረስ ከየት ታምጣው? ዓርብ ባዶ እጇን ሄደች።

እኔ የሥዕሏን ሁለት ቁራጭ በዱቄት ሙጫ አጣብቄ ረፋዱ ላይ ትምህርት ቤት ደረስኩ። መምህሩ የተመረጠው ሥዕል ጠዋት ለማዘጋጃ ቤት መሰጠቱን ነገረኝ። ግቢው መካከል ቆሜ ጮህኩበት፤ ለልጆች የሰው አገር ፊልም ስለሚያስመርጥ ትምህርት ቤት ያልተናገርኩት የለም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ መካከሉን በጣቱ ዳሰሰ።

«ጥሩ እጅ አላት» አለ። «ማን ቀደደው?»

በሩ ላይ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ቆማ ታየኛለች።

«እኔ ነኝ» አልኩት።